ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ደረጃ

ከወደቡ እስከ ቤታችን ሁለት መቶ ዐሥራ አራት፣
አሳንሰሩ በቆመ ቀን አንድ ባንድ የምንወጣት።
ቫልፓራይሶ እንዲህ ናት፤ ቤት በቤት ላይ የተሰካ፣
ቀለሙ እንጂ መንገዱ ለባለ ጎማ ወንበር ያልተለካ።

ልጄ ሚሬያ ትባላለች። በመስከረም ሰባት ሞላት።
ስትወለድ ትንፋሽ አጥሯት፣ የማይታይ ገመድ አሰራት፤
ጉልበቷ ከጉልበቷ ይጋጫል፣ ተረከዟ መሬት አይረግጥም፣
ቀኝ እጇ ተጨብጦ ያድራል፣ በልመና አይገለጥም።
እናም እጅ ያስፈልጋታል፤ የሚያነሣት፣ የሚያጎርሳት፣
ጡንቻዋን የሚያፍታታላት፣ ቀስ ብሎ የሚያለብሳት።

ጉዱ ግን እዚህ ላይ ነው፤
እጅ ሲነካት ትጮኻለች፣ ጣት እንደ እሳት ይፈጃታል፣
የሹራቧ ስፌት እንኳ እንደ እሾህ ይወጋታል።
አካሏ «ያዙኝ» ይላል፣
ቆዳዋ «ልቀቁኝ» ይላል፣
እኔ አባቷ በመሃል
ክንዴን ዘርግቼ እቆማለሁ፣
የሚመዝነው እንዳጣ ሚዛን።

ስንት ዓመት ሐኪሞቹ አንድ ስም ብቻ ነገሩን፣
ለጥያቄው ሁሉ አንድ መልስ፤ «ሴሬብራል ፓልሲ ነው» አሉን።
ዓይን ዓይናችንን አታይም? «እሱው ነው።» አትናገርም? «እሱው ነው።»
ማንኪያ ስታሽከረክር ትውላለች? «ምን ታድርግ፣ ጨዋታዋ እሱ ነው።»
ዙሌማ ግን ትጽፋለች፣ የዓሣ ገበያውን ሒሳብ በምትይዝበት ደብተር፤
ከፊቱ የሰርዲን ዕዳ፣ ከጀርባው የልጃችን ነገር፤
«ማክሰኞ። ዝናብ። ጣራው ሲንኳኳ ጆሮዋን በትከሻዋ ደፈነች።
ሐሙስ። ሰማያዊው ሳህን ተሰበረ። በነጩ እምቢ ብላ ሁለት ቀን ጾመች።»

ያን ደብተር አንዲት ወጣት ሐኪም ገጽ በገጽ አነበበች፣
ሻይዋ ፊቷ ቀዘቀዘ፤ ቀና ብላም አላየች።
«ሁለት ናቸው» አለች በኋላ። «ኦቲዝምም አብሮ አለ።
አንዱ ሌላውን ጋርዶት ነው እስከ ዛሬ ያልተባለ።»
ዙሌማ አለቀሰች። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ፤
ስም የተገኘለት ነገር መድኃኒትም ያለው መስሎኝ።

ማታ አሳንሰሩን አየሁት፤ ሁለት ሣጥን በአንድ ገመድ፣
አንዱ ሽቅብ ሲሳብ ሌላው ቁልቁል የሚወርድ።
«ልጄ ይኸው ናት» አልኩ። ወዲያው ግን አፈርኩ በራሴ፤
ልጅን ምሳሌ ማድረግ ይቀላታል ለደከማት ነፍሴ።
ሚሬያ ሚሬያ ናት፤ ሲርባት ክርኗን የምትነክስ፣
ወደብ ላይ መርከብ ሲጮህ በጉሮሮዋ የምትመልስ።

ጎረቤታችን ዶን ኤሌዩቴሪዮ፣ ጡረታ የወጣ ጫኝ፣
«አርባ ዓመት ጆንያ ተሸክሜ ይቺ ትከብደኛለች? ስጠኝ!»
ሰጠሁት። ጮኸች። ጮኸች፣ እስከ መንገዱ ማዶ ድረስ፤
ሽማግሌው አመድ መስሎ መለሰልኝ፣ ዕቃ እንደ ሰበረ ሰው፣ ቀስ።

ሳምንት ጠፋ። ከዚያ መጣ፣ አንድ ጥቅልል ነገር ይዞ፣
ከአሮጌ ሸራ የሰፋው፣ እንደ ጀልባ ጎድጎድ አርጎ፣ እጀታውን ጠምዝዞ።
«እጅ ከጠላች» አለኝ፣ «ሸራው ይያዛት። እኛ ሸራውን እንያዝ።»
ገና ይሸት ነበር የሬንጅና የጨው ወዝ።
ሸራው ጥብቅ አድርጎ አቀፋት፤ አላባበላት፣ አላወራም፤
ትንፋሿ ረገብ አለ። ያን ቀን ጩኸት አልተሰማም።
እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ደረጃ ቆጥረን በለሆሳስ፣
ዘጠና ላይ አረፍን፣ ጥቂት ውሃ ለመቅመስ።
መቶ ሰባት ላይ ስንደርስ ከታች መርከብ ጮኸ። ቆምን።
መለሰች።
ቀጠልን።

ሁሉ ቀን እንዲህ አይደለም። ትናንት ፀጉሯን ሳበጥር ነክሳኛለች፤
አውራ ጣቴ ይጠዘጥዘኛል ይህን ስጽፍ። አሁን ተኝታለች።

መቶ ሰባት ግን ሕግ ሆኗል፤ መርከብ ካልጮኸ አናልፍም።
ዛሬ ጭጋግ ነበር። ወደቡ ዝም። ሸራው ውስጥ መወራጨት ጀመረች።
ዶን ኤሌዩቴሪዮ ግራ ቀኙን አየ፣ ሰው እንዳያየው ይመስላል፣
መዳፉን አፉ ላይ አጥፎ
ጮኸ።
ዝም አለች። ራሷን ዘንበል አደረገች።
የተታለለች አይመስለኝም። ግን መለሰችለት፣
ረዘም አድርጋ፣
ለዚያ ሰባ ስምንት ዓመት ለሞላው፣
ወገቡን ለሚያመው መርከብ።